ማሕሌት የሚያቆመው ሰው፦ የጋይንትና የእስቴ ጉባኤ ቤቶች ለሥራ ሕክምና የሚያስተምሩት

ኦኩፔሽናል ቴራፒ (የሥራ ሕክምና) በሕመም ወይም በአካል ጉዳት ከዕለት ኑሮው የተነጠለን ሰው ወደ ሥራው፣ ወደ ቤቱና ወደ ማኅበሩ የሚመልስ የሕክምና ሙያ ነው። የሙያው ማኅበር አሜሪካ ውስጥ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1917 ቢሆንም ሥሩ ከዚያ ይርቃል። ኩዌከር የሚባሉት እንግሊዛውያን ክርስቲያኖች እ.ኤ.አ. በ1796 ዮርክ ላይ በከፈቱት የአእምሮ ሕሙማን መኖሪያ ውስጥ ሰንሰለት ቀርቶ የአትክልት ሥራ፣ ስፌትና ጸሎት የሕክምናው ክፍል ሆነው ነበር። ኋላ ሙያው ሳይንስነቱን ለማስመስከር ሲል መንፈሳዊውን ነገር ገሸሽ አደረገው፤ የካናዳ ባለሙያዎች ግን እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት መመሪያ መንፈሳዊነትን ከሰው ማንነት እምብርት ላይ አስቀመጡት። በደቡብ ጎንደር ባሉት በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ግን መንፈሳዊነትንና ሥራን ማያያዝ ከሙያው ስም በፊት የነበረ ነው። የአካባቢው የጉባኤ ቤቶች (የቤተ ክህነት ትምህርት ቤቶች) ታሪክ የሚያሳየው መንፈሳዊነት የተጎዳን ሰው የሚያነሣው ስላጽናናው ብቻ እንዳልሆነ ነው፤ የሚያነሣው ሌላው ሰው አጥብቆ የሚፈልገውን ሥራ በእጁ ሲያኖርለት ነው።

ጋይንት ያለችው ቤተልሔም የድጓ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያኑ የዜማ መጽሐፍ፣ ማስመስከሪያ ናት፤ ከየትም የመጣ የድጓ መምህር ዕውቀቱን ያስመሰከረው በእርሷ ነው። እስቴ ያለችው ቆማ ፋሲለደስ የራሷን የዜማ ስልት ይዛ ኖራለች፤ በዚያው በደቡብ ጎንደር የምትገኘው ዙር አባ ደግሞ የዝማሬና መዋሥዕት ምስክር ናት። በሊቃውንቱ ትውፊት ዜማው በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከነበረው ከቅዱስ ያሬድ የተወረሰ ነው፤ የዜማው ምልክት (ኖታው) ግን የተሠራው በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል ነው። እንግዲህ በትውፊቱ ስሌት ዜማው አንድ ሺህ ዓመት ያህል በጆሮና በቃል ብቻ ተጉዟል ማለት ነው። ምልክት ከወጣለት በኋላም የቃል ትምህርቱ አልቀረም፤ ቀን ቀን መጽሐፍ የሚታይ ሲሆን፣ ሌሊት መብራት በሌለበት ጎጆ ውስጥ የሚጠናው ቃል ነው። በዚያ ሰዓት ዓይናማውም ዓይነ ስውሩም እኩል ናቸው፤ ብልጫው የጆሮና የትዝታ ነው።

ዓይነ ስውራን በቤተ ክህነቱ ትምህርት ቅኔ የዘረፉ፣ ማሕሌት የመሩ፣ ወንበር ዘርግተው ያስተማሩ ሊቃውንት ሊሆኑ የቻሉት በዚህ በር ገብተው ነው። ዓይነ ስውርነት ቅስና ተቀብሎ መሥዋዕት ለማቅረብ እንቅፋት ቢሆንም፣ በማሕሌት የሚያገለግል ደብተራ ለመሆን ግን ክህነት የግድ አይደለም። ማሕሌቱ ደግሞ ከድምፅ በላይ ነው። በቁም ዜማው የተጀመረው ቃል በዝማሜ ይደገማል፤ መቋሚያው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዘነብላል፣ ይነሣል፣ ይወርዳል፤ ጸናጽሉ ልኩን ጠብቆ ይመታል፤ ወረቡ ላይ ከበሮው ይገባል። ዓይነ ስውሩ መርጌታ (የዜማው መሪ) ጉልበቱንም ክንዱንም ከጓደኞቹ ጋር አስማምቶ ሌሊቱን ሙሉ ይቆማል። በዓሉ ያለ እርሱ አይደምቅም፤ በአገልግሎቱም ከደብሩ መሬት ድርሻ ያገኝ ነበር።

ይህ ትምህርት እንጂ ሕክምና አይደለም የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ጉባኤ ቤቱ የተቋቋመው አገልጋይ ለማፍራት ነው፤ ዓይንንም አላበራም። ኦኩፔሽናል ቴራፒም ቢሆን ጉዳቱን አጠፋለሁ ብሎ አይነሣም። የሚጠይቀው ሰውየው ከጉዳቱ ጋር ምን መሥራት ይችላል፣ ሥራውስ ለእርሱና ለጎረቤቱ ምን ትርጉም አለው ብሎ ነው። በዚህ መለኪያ ሁለት ዓይነ ስውራንን እናስተያይ፦ አንዱ በደጀ ሰላሙ ተቀምጦ ምጽዋት ይቀበላል፣ ሌላው በቅኔ ማሕሌቱ ቆሞ ይመራል። እምነታቸው አንድ ነው፣ የዓይናቸውም ጉዳት አንድ ነው፤ የለያያቸው ሥራው ነው። ሥራውን ክቡር ያደረገው ደግሞ መንፈሳዊ ትርጉሙ ነው፤ ለጊዜ ማሳለፊያ ተብሎ የተሰጠ ቢሆን ኖሮ ማንም ባልፈለገው ነበር።

ከዚህ የሚከብዱ ሁለት ተቃውሞዎች አሉ። የመጀመሪያው በሩ ጠባብ ነበር የሚል ነው። ሴት ዓይነ ስውር መርጌታ አትሆንም፤ ብዙ ጊዜ የሚቀራት ምንኩስና ወይም ልመና ነበር። ድጓውን በብራና መጻፍና ምልክቱን ማረምም ዓይን ይጠይቃል። ይህ ግን የሚነቅፈው የበሩን ጥበት እንጂ መንገዱን አይደለም። ሁለተኛው በእምነት ስም የደረሰው ጉዳት ነው፦ በጸበል ቦታ የአእምሮ ሕሙማን ታስረዋል፣ መድኃኒት ያቋረጡም ተጎድተዋል። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው እንዲወሰዱ ማስተማራቸው ችግሩ ምን ያህል የከፋ እንደነበር ያሳያል። ያም ቢሆን በሰንሰለት የታሰረው ሕመምተኛና ማሕሌት የሚመራው መርጌታ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው የሚደረግበት ነው፣ ሁለተኛው የሚያደርግ ነው። መንፈሳዊነት ሰውን ሠሪ ካላደረገው፣ ከመድኃኒትም ካጣላው፣ በጉባኤ ቤቱ ታሪክ ሊመካ አይችልም።

መንፈሳዊ ክብር ብቻውን እንደማይበቃም ታሪኩ ይመሰክራል። የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የመንግሥት ሲሆን አድባራቱ መሬታቸውን አጡ። ዜማው አልጠፋም፤ መርጌታው የሚተዳደርበት መደብ ግን ተናጋ፣ ዓይነ ስውሩንም ከልመና የሚያርቀው አጥር አብሮ ሳሳ። ስለዚህ የክብሩ ምሰሶ ሁለት ነበር፦ የሥራው ትርጉምና የሥራው እንጀራ። ይህ ለዛሬው ባለሙያም ትምህርት ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ኦኩፔሽናል ቴራፒን ማስተማር ጀምሯል። ከዚያ ወጥቶ ስማዳ ወይም እስቴ የሚመደብ ባለሙያ ግማሽ አካሏ የሰለለባትን እናት አልብሶና አጉርሶ ሥራዬን ጨረስኩ ማለት የለበትም። የሰንበቴ ተራዋ ሲደርስ ዳቦ መጋገር፣ በጾም መስገድ፣ ጽዋ ተቀብላ ማኅበርተኛውን ማስተናገድ ለእርሷ ሥራዎች ናቸው፤ እጇ የሚለማመደውም ለእነዚህ ሊሆን ይገባል። አብሮም ከምን እንደምትተዳደር መጠየቅ አለበት፤ ተራዋን ማውጣት ያልቻለች ሴት እጇ ቢድንም ከማኅበሩ መቅረቷ አይቀርምና።