የላላ ትስስር

በደቡብ ጎንደር፣ በፋርጣና በጋይንት ደጋ፣ ሰው ሲሞት የእድር ጡሩምባ ይነፋል። ጡሩምባውን ሰምቶ ከቤቱ የሚወጣው ሁሉ ሟቹን ያውቀዋል፤ ቤቱን፣ ልጆቹን፣ ማሳውን ሳይቀር። ከእድሩ ሌላ ሰንበቴው አለ፣ ማኅበሩ አለ፣ በአጨዳ ጊዜ ደግሞ ወንፈልና ደቦ። በእነዚህ ሁሉ ላይ የሚገናኙት ሰዎች ግን ባብዛኛው እነዚያው ናቸው። የማኅበረሰብ ጥናት ሰዎች እንዲህ ያለውን ቅርርብ «ጠንካራ ትስስር» ይሉታል። ፌስቡክና ቴሌግራም ኑሯችንን እንዴት እንደለወጡት ለመረዳት የሚያስፈልገን ቃል ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ በአማርኛ «የላላ ትስስር» ልንለው እንችላለን።

የላላ ትስስር የሚባለው በስም ወይም በመልክ ከምናውቀው፣ ስንገናኝ ሰላም ከምንለው፣ ቤቱ ገብተን ግን ከማናውቅ ሰው ጋር ያለን ግንኙነት ነው። ድሮ አብሮን የተማረ፣ መናኸሪያ ላይ ስልክ የተለዋወጥነው ነጋዴ፣ የጓደኛ ጓደኛ። «ደካማ ትስስር» ብለው የሚተረጉሙት አሉ፤ ደካማ ሲባል ግን የማይረባ ይመስላል። የላላ ገመድ አልተበጠሰም፣ ሲያስፈልግ ይጠብቃል።

ሐሳቡን ያስተዋወቀው አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ ማርክ ግራኖቬተር ነው፤ ጽሑፉ የወጣው በ1973 እ.ኤ.አ. ነው። ቦስተን አጠገብ ባለችው ኒውተን ሥራ የቀየሩ ሰዎችን እየዞረ ጠየቀ። በሰው ጥቆማ ሥራ ካገኙት መካከል ጠቋሚያቸውን አዘውትረው የሚያገኙት 16.7 በመቶ ብቻ ነበሩ። 55.6 በመቶው አልፎ አልፎ፣ 27.8 በመቶው ደግሞ ከስንት አንዴ የሚያገኙት ሰው ነበር የጠቆማቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የቅርብ ወዳጅ የሚያውቀውን እኛም እናውቀዋለን። አዲስ ወሬ የሚመጣው ሌላ ቦታ ከሚውል ሰው ነው።

በደቡብ ጎንደር ይህን አዲስ ወሬ የማድረስ ሥራ ለዘመናት ሲሠራ የኖረው ገበያ ነው። ከጉና ተራራ ተዳፋት ድንችና ገብስ ይዞ የወረደ ገበሬ ከፎገራ ሩዝ ይዞ ከመጣው ጋር የሚገናኘው እዚያ ነበር። አዋጅም ገበያ ላይ ይነገር የነበረው ለዚሁ ነው፤ የሰማው ሰው በየአቅጣጫው ወደ ቀየው ይዞት ይሄዳል።

አሁን ያንን ቦታ ስልኩ እየተጋራው ነው። ቀደም ሲል ከደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ወጣት ክፍት የሥራ ቦታ ለማወቅ የየመሥሪያ ቤቱን ማስታወቂያ ሰሌዳ እየዞረ ማንበብ ነበረበት። ዛሬ አብሮት ተመርቆ ሐዋሳ የገባ፣ ከምረቃ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ያላወራው ልጅ የክፍላቸው የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ማስታወቂያውን ፎቶ አንስቶ ይለጥፈዋል። ሠላሳ አርባ ሰው ያየዋል። ለጣፊው ውለታ እንደዋለ እንኳ ላያስበው ይችላል።

የዚህ ዋጋ ጎልቶ የታየው ሲታጣ ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆየ። እድሩ አልፈረሰም፣ ማኅበሩም ጽዋውን አላቋረጠም፤ ስልክ የሚሠራበት ዘመዱን ደውሎ ጠየቀ። የተቋረጠው የላላው ነው። ስልክ ቁጥሩን ያልያዝነው፣ በግሩፕ ብቻ የምናውቀው ሰው ሁሉ አንድ ላይ ጠፋ፤ ሥራ ፈላጊውም የማመልከቻ ቀን ካለፈ በኋላ መስማት ጀመረ። ስለ ኢንተርኔት መዘጋት ሲወራ ይህ ጉዳት ብዙም አይነሳም፤ ለእኔ ግን ከከባዶቹ አንዱ ነው።

ይሁንና የላላ ትስስር ለሁሉም ነገር አይበጅም። በ2022 እ.ኤ.አ. ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ፣ ሊንክድኢን የተባለውን የሥራ ትውውቅ ገጽ የሚጠቀሙ ከ20 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን የተከታተለ ጥናት ግራኖቬተርን ደግፎ አንድ ነገር አረመ፦ ይበልጥ ሥራ ያስገኘው እጅግ የላላው ሳይሆን መጠነኛ ትውውቅ ነው። ቴክኖሎጂ ብዙ ባልገባባቸው የሥራ መስኮች ደግሞ ጠንካራው ትስስር የተሻለ ሆኖ ተገኘ። የፋርጣን ድንች ንግድ ለሚያውቅ ይህ አይገርምም። የባሕር ዳርን ዋጋ ከቴሌግራም ማየት ይቻላል። ስንት ኩንታል በዱቤ ተጭኖ እንደሚሄድ የሚወሰነው ግን በመተማመን ነው፣ መተማመኑም የሚመጣው አብሮ ከመኖር ነው።

የላላ ትስስር ክፋቱም ይህ መተማመን ከመጉደሉ ይወለዳል። ያልተጣራ ወሬ በላላው ገመድ ላይ እንደ ልቡ ይሮጣል፤ «ለመመዝገቢያ» እያለ ብር የሚያስልክ የሐሰት ቅጥርና በመተማ በኩል ወደ ሱዳን አሻግራለሁ የሚል ደላላ የሚመጡት በዚያው መንገድ ነው። ነገሩን የተረዱ ሥራ ፈላጊዎች ብሩን ከመላካቸው በፊት እዚያ ከተማ የሚኖር የአክስት ወይም የአጎት ልጅ ፈልገው ይደውላሉ፤ ቢሮው በእርግጥ እዚያ መኖሩን፣ ማስታወቂያውም ሰሌዳው ላይ መለጠፉን ሄዶ እንዲያይላቸው።