ተማሪ ልጅ ከተማችን ሲገባ፦ ከግቢ ጉባኤ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት



ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤያችን አንድ ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። «እኛ የቁጠባና የመረዳጃ ማኅበር ነን፤ ከተማሪዎች መንፈሳዊ ጉባኤ ጋር ምን አገናኘን?» የሚል ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከመካከላችን ኦርቶዶክስ አለን፣ ሙስሊም አለን፣ ፕሮቴስታንትም አለን። በሣጥኑ ውስጥ ያለው ገንዘብ ደግሞ በእንጀራ፣ በባልትናና በፈትል የተገኘ የሁላችንም ላብ ነው። በዚያ ቀን ብዙ ተባለ፤ ግን ነገሩ ከየት እንደመጣ ሳይነገር ሰዓቱ አለቀ። ስለዚህ የጽሑፍ ክፍላችን አባላት ተሰብስበን ታሪኩን ከሥሩ ለመጻፍ ወሰንን። ታሪኩን ካየን በኋላ ውሳኔው ይቀለናል ብለን እናምናለን።

ነገሩ የሚጀምረው በ1943 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተከፈተ። መሪው ሉሲየን ማት የተባሉ ካናዳዊ የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ እነዚህን መምህራን ሲያመጡ ሃይማኖታቸውን እንዳይሰብኩ ተስማምተው ስለነበር በካህን ልብስ ሳይሆን እንደማንኛውም መምህር ለብሰው ያስተምሩ ነበር። ተማሪዎቹ ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጡ ልጆች ናቸው። አብዛኞቹ ዳዊት ደግመው፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ፊደል ቆጥረው ያደጉ ናቸው። ሴቶቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

እነዚህ ልጆች አዲስ ትምህርት ሲማሩ አዲስ ጥያቄም መጣባቸው። በልጅነታቸው በቃል የያዙትን እምነት አሁን በሚያነቡት ሳይንስና ፍልስፍና ፊት እንዴት ያስረዱት? ቤት ያለችው እናት አታውቀው፣ የደብሩ ቄስ አዲሱን ቋንቋ አልተማረው። እርስ በርስ መጠያየቅ ጀመሩ። በ1950 ዓ.ም. አካባቢ «ሃይማኖተ አበው» የተባለው የኦርቶዶክስ ተማሪዎች ማኅበር የተቋቋመው ከዚህ ፍላጎት ነው። ስሙን የወሰደው የጥንት አባቶችን ቃል ከሰበሰበው መጽሐፍ ነው። በዚያ ዘመን ከህንድ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የመጡ መምህራንም በየትምህርት ቤቱ ነበሩ። ከእነርሱ አንዱ፣ ኋላ ጳውሎስ ማር ጎርጎርዮስ ተብለው የዴልሂ ሜትሮፖሊታን የሆኑት፣ በአገራችን በመምህርነት፣ ቀጥሎም በንጉሠ ነገሥቱ አማካሪነት ሠርተዋል። የተማረ ሰው አማኝ ሊሆን እንደሚችል ወጣቶቹ በዓይናቸው አዩ።

በሌላው ቤትም ተመሳሳይ ነገር ይታይ ነበር። በ1950ዎቹ ናዝሬት ላይ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች እንግሊዝኛቸውን ለማሻሻል ወደ ሜኖናይት ሚሲዮናውያን ሄደው በመጽሐፍ ቅዱስ መማር ጀመሩ። ከዚያ «ሰማይ ብርሃን» የተባለ የወጣቶች ኅብረት ተወለደ። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው ያሉት የወንጌላውያን ተማሪዎች ኅብረቶችም መነሻቸው እንዲህ ያሉ ትንንሽ ስብስቦች ናቸው። በሁለቱም ወገን የጀመሩት ከአገራቸው ርቀው የሚማሩ፣ ጥያቄ የበዛባቸው ጥቂት ልጆች ናቸው።

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። በ1967 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ስድሳ ሺህ ያህል ተማሪና መምህር ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ወረደ። ቀጥሎ ቀይ ሽብር መጣ። ያ ትውልድ ምን እንዳለፈበት ለእኛ ለእናቶች ማንም አይነግረንም፤ ከመካከላችን ወንድሟን፣ ከመካከላችን ባሏን ያጣች አለች። ግቢው ሲከፈትም ማርክሲዝም ሌኒኒዝም የሚሰጥበት፣ መንፈሳዊ ጉባኤ በግልጽ የማይጠራበት ሆኖ ነበር። መስቀል ማሰር እንኳ የሚያስተዛዝብ ጊዜ ነበር። ተማሪው እምነቱን የያዘው በየደብሩ ሰንበት ትምህርት ቤት ተጠግቶ ነው።

በዚያ ጨለማ መካከል ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አንድ በር ተከፈተ። የሸዋ ሊቀ ጳጳስ የነበሩት አቡነ ጎርጎርዮስ በዝዋይ ሐይቅ አጠገብ፣ በሐመረ ብርሃን ቅዱስ ገብርኤል፣ የካህናት ማሠልጠኛና የወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያ ነበራቸው። በክረምት፣ ዩኒቨርሲቲ ሲዘጋ፣ ተማሪዎችን እዚያ እየጠሩ ያስተምሩ ጀመር። እኚህ አባት የቤተ ክርስቲያንን ታሪክ ዛሬም በሚነበብ መጽሐፍ የጻፉ ሊቅ ናቸው፤ ግን ከመጽሐፋቸው ይልቅ የቆየው ያ የክረምት ትምህርት ይመስለናል። ልጆቹ መጥተው ተምረው፣ አብረው በልተውና አድረው ይመለሳሉ። በሐምሌ 1982 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ሲያርፉ ያስተማሯቸው ወጣቶች ግን ተዋውቀው ነበር።

በዓመቱ ደርግ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ለወታደራዊ ሥልጠና ወደ ብላቴ ላከ። ጦርነቱ ወደ መሀል አገር እየቀረበ ነበር። በዚያ ካምፕ ውስጥ ከተለያየ ኮሌጅ የመጡ ተማሪዎች ማታ ማታ እየተሰበሰቡ ይጸልዩ ነበር። ግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ወደቀ፤ ልጆቹ ተበተኑ፤ በእግራቸው ወደ ኬንያ የተሻገሩም ነበሩ። የተመለሱት ግን ጸሎታቸውን አልተዉም። ዝዋይ ከተማሩትና ሌሎች ስብስቦች ከነበሯቸው ጓደኞቻቸው ጋር ሆነው በ1984 ዓ.ም. ማኅበረ ቅዱሳንን መሠረቱ። «ግቢ ጉባኤ» የምንለው፣ በየኮሌጁ ያሉ የኦርቶዶክስ ተማሪዎች ጉባኤ፣ በአገሪቱ ሁሉ ሥርዓት የያዘው ከዚያ በኋላ ነው።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ የአዲስ አበባና የጥቂት ከተሞች ነው። ወደ እኛ የመጣው በ1999 እና በ2000 ዓ.ም. ነው። መንግሥት በአንድ ጊዜ አሥራ ሦስት አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎችን ሲከፍት ደብረ ብርሃን አንዷ ሆነች። ወላይታ ሶዶ፣ ደብረ ማርቆስ፣ ጅግጅጋ፣ ሰመራ፣ አክሱም፣ ወሎ፣ ሌሎችም በዚያው ሰሞን ተከፈቱ። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ሆነዋል። ተማሪውን የሚመድበው መንግሥት ስለሆነ የቆላው ልጅ ደጋ፣ የደጋው ልጅ ቆላ ይደርሰዋል። ከአርባ ምንጭ የመጣችው ልጅ የደብረ ብርሃንን የኅዳር ውርጭ በነጠላ ጃኬት ትቀበለዋለች። ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ መሆኗን እኛ እናውቃለን፤ እሷ የምታውቀው ስትወርድ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንፈልገው ነገር አለ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው፤ አንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከማንኛውም የሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ ይሰጣል ይላል። ስለዚህ ጉባኤው በግቢው ውስጥ አይካሄድም። ስሙ የግቢ ጉባኤ ይባል እንጂ የሚሰበሰበው ከግቢ ውጭ፣ በከተማው ደብር አዳራሽ ነው። ሌሎቹም የእምነት ኅብረቶች እንዲሁ በየቤተ እምነታቸው ይሰበሰባሉ። ይህ ማለት የተማሪ ጉባኤ በአዲስ ከተማ የሚቆመው ከተማው ደጁን ከከፈተ ብቻ ነው።

አጀማመሩ እንዴት እንደሆነ ያየን ስለሆንን እንናገር። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ልጆች እሑድ ቅዳሴ ላይ ነጠላ አጣፍተው ቆመው ይተያያሉ። «አንተም የግቢ ነህ?» ይባባላሉ። ከዚያ ደብዳቤ ጽፈው ወደ ሰበካ ጉባኤ ይሄዳሉ። ሰበካው ሀገረ ስብከቱን ያስፈቅዳል። አዳራሽ ሲገኝ ወንበር የለም፤ ወንበር ሲገኝ መምህር የለም፤ መምህር ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር መጥቶ ሲያስተምር የሚያድርበት የለም። ሥራ አስፈጻሚ ይመረጣል፤ የትምህርት ክፍል፣ የመዝሙር ክፍል፣ የበጎ አድራጎት ክፍል ይቋቋማል። አዲስ ገቢዎቹን ትልልቆቹ በቤተሰብ ይመድቧቸዋል። ሁሉም የተማሪ ሥራ ነው፤ ተማሪ ደግሞ ኪሱ ባዶ ነው።

በዚህ መካከል ወንበሩን ከእድሩ ያዋሱት፣ ለመምህሩ አልጋ ያነጠፉት፣ በጾም ቀን ሽሮና ቆሎ የላኩት የከተማው ሴቶች ናቸው። ማንም አላደራጃቸውም። ልጇ ጅማ የደረሰው አንዲት አባላችን «እዚያ የሚያበላልኝ ሰው እንዲገኝ እዚህ የመጣውን አበላለሁ» ብላ ጀመረች። ሌሎቻችን ተከተልን። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪ ከአገር አገር እየዞረ ቅኔ ሲማር «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ቁራሽ የሰጡት እናቶች ናቸው። የአገራችን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ለዘመናት የኖረው በዚያ ቁራሽ ነው። የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ደበሎ አይለብስም እንጂ ከቤቱ መራቁ አንድ ነው።

ሌላም ነገር ተምረናል። ተማሪ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ይሄዳል። ሥራ አስፈጻሚው በየዓመቱ ይቀየራል፤ መዝገቡ ይጠፋል፤ አዲሱ ኮሚቴ የቀድሞውን አያውቅም። የማይሄደው ከተማው ነው። ማን አዳራሽ እንደፈቀደ፣ የትኛዋ ልጅ ታማ ማን እንዳስታመማት፣ ከተመረቁት ማን የት እንደደረሰ የሚያስታውሱት ሴቶች ናቸው። በአዲስ ከተማ ጉባኤ የሚቋቋመው በተማሪ ትጋት ነው፤ ጸንቶ የሚቆየው ግን በነዋሪው ማስታወስ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። ታሪኩ ሁለት ነገሮችን ለይተን እንድናይ ያደርገናል። አንደኛው ጉባኤው ራሱ ነው፤ ትምህርቱ፣ መዝሙሩ፣ ጸሎቱ። ይህ የምእመናንና የቤተ ክርስቲያን ሥራ ነው። ከመካከላችን ኦርቶዶክስ የሆንን በጽዋ ማኅበራችን፣ ፕሮቴስታንት የሆኑት እኅቶቻችን በየአጥቢያቸው፣ ሙስሊም እኅቶቻችን በየመስጊዳቸው ይደግፉት። የማኅበራችን ሣጥን እዚህ ውስጥ አይገባም። ይህን ያነሡት እኅቶች ትክክል ናቸው።

ሁለተኛው ግን የሁላችንም ነው። መናኸሪያ ላይ የምትወርድ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ መስቀል ብታስር፣ ሂጃብ ብትለብስ ብርዱ አንድ ነው። ገንዘቧ ሲያልቅ የሚጠጋት ደላላ ሃይማኖቷን አይጠይቅም። ስትታመም ሆስፒታል የሚሸኛት ሰው ያስፈልጋታል። በዕረፍት ጊዜ አገሯ መንገዱ ተዘግቶ መሄድ ያልቻለች ልጅ የምታርፍበት ቤት ያስፈልጋታል። የግቢ ጉባኤ ታሪክ ያሳየን እንግዳ ልጅን ጸንቶ የሚያቆመው ምክር ብቻ አለመሆኑን ነው። በዝዋይም ልጆቹ ትምህርቱን ያገኙት ከማዕዱና ከማደሪያው ጋር ነው። ይህን ማድረግ የመረዳጃ ማኅበር ሥራ ካልሆነ የማን ሥራ ሊሆን ነው?

ስለዚህ የጽሑፍ ክፍላችን ለሚመጣው ጉባኤ ይህን ሐሳብ ያቀርባል። ከሣጥናችን የሚወጣው ብር ለሴት ተማሪዎች ለብርድ ልብስ፣ ለሕክምናና ለእንግዳ ማረፊያ ብቻ ይዋል፤ የየትኛውም እምነት ልጅ እኩል ትስተናገድ። ማረፊያ የሚሰጡ አባላት ስማቸው በመዝገብ ይያዝ፤ ልጆቹን የሚቀበሉት ቤተሰቦች በኮሚቴ ይጎብኙ፤ ሒሳቡ በየሦስት ወሩ ለአባላት ይነበብ። ደጋፊዎቻችንም የላካችሁት የት እንደዋለ ከዚሁ መዝገብ ታያላችሁ።

ልጆቻችሁ ሩቅ አገር የደረሳቸው እናቶች ይህን ስታነቡ የራሳችሁን ልጅ ማሰባችሁ አይቀርም። አስቡ። የሰመራዋ እናት፣ የጅማዋ እናት ደጇን እንድትከፍትለት እንመኛለን፤ የእኛ ደጅ ደግሞ በእጃችን ነው። ሐሳባችሁን በጽሑፍም በቃልም ለየቡድን መሪዎቻችሁ እስከሚቀጥለው ስብሰባ ድረስ እንድትሰጡን በአክብሮት እንጠይቃለን።

የጽሑፍ ክፍሉ አባላት