የአር ሸለቆ ገብርኤል

አዲስ የመጡት ልጆች ታኅሣሥ 19 ቤቱ ሲሞላ፣ ድፎው ሲቆረስ ያዩና የገብርኤል ማኅበር እዚህ ድሮም የነበረ ይመስላቸዋል። መዝገብ ያገላበጡት ደግሞ በ2014 ተጀመረ ይላሉ። ሁለቱም ተሳስተዋል።

አርቫይለር በቅጥር የተከበበች ትንሽ የጀርመን የወይን ከተማ ናት። አር ወንዝ በጎኗ አልፎ ራይን ይገባል። ሮማውያን ኖረውባታል፤ እዚያው ሸለቆ የማይሾስ ወይን አምራቾችም በ1868 እ.ኤ.አ. ኅብረት ሥራ መሥርተዋል። የቀረውን አስጎብኚዎቹ ይንገሯችሁ።

እኔ የሁርሶ ልጅ ነኝ፤ በደርግ ዘመን በጅቡቲ በኩል ወጣሁ። እዚህ መጀመሪያ ያገኘሁት ሥራ ወይን ለቀማ ነው። ተዳፋቱ ትራክተር አያስወጣም፤ ዘለላው በመቀስ ተቆርጦ በጀርባ ይወርዳል። መስከረምና ጥቅምትን ጣታችን ጠቁሮ እንከርማለን። ከለቃሚዎቹ አበሾቹ ሦስት ነበርን፤ ሁላችንም የድሬና የሐረር ሰዎች። አንዱ ሙስሊም ነው፤ የቁልቢ ስለት ግን እሱም ነበረበት። ቁልቢ እንዳንሄድ መንገዱ ተዘግቷል። ቄስ የለ፣ ጤፍ የለ፣ ጌሾ የለ። የመጀመሪያው ጽዋ የተሞላው ገበሬው በሰጠን ቀይ ወይን ነው።

የፍራንክፈርት ሰዎች «እኛ ነን ያስጀመርናችሁ» ይላሉ። የኤሌክትሪክ ምጣዱን አምጥተዋል፤ አልክድም። ምጣድ ግን ማኅበር አይደለም። አንዲት የሐረር እናት በበኩላቸው፣ ጠላ መጀመሪያ የጠመቅሁት እኔ ነኝና የማኅበሩ መሥራችም እኔ ነኝ ብለው እስከ ዛሬ ይሟገታሉ። ጌሾውን በሻንጣ ያመጡት እሳቸው ስለሆኑ ዝም እላለሁ።

በ2013 ለሐምሌ ገብርኤል አሥራ ሁለት ቀን ሲቀር አር ሌሊት ሞላ። በሸለቆው ከ130 በላይ ሰው አለቀ። በ1998 ደቻቱ ድሬዳዋን መትቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ በስልክ ነበር የሰማሁት፤ ይኼንን በዓይኔ አየሁ። ሥዕሉም፣ ምጣዱም፣ መዝገቡም ሄደ። ከጀርመን ጎረቤቶቻችን ጋር ጭቃ ስንዝቅ ከረምን። በታኅሣሡ ማሞቂያ በሌለው ቤት፣ ካፖርት እንደለበስን ጽዋውን ጠጣን። ሙሴያችን አዲስ ደብተር የከፈተው ያን ቀን ነው፤ 2014 የሚሉት እሱን ነው።

ከዚያ በፊት የነበሩትን እኔ በቃሌ አውቃቸዋለሁ፤ ግማሾቹ አርፈዋል። እጁ የሚጽፍ ልጅ ካለ በሚቀጥለው የማኅበር ቅዳሜ ደብተር ይዞ ይምጣ። የፍራንክፈርቶቹም ይመዝገቡ፤ ምጣድ አመጡ ተብሎ።