ሊቁን ያስተማሩት ሴቶች

የታሪክ መጻሕፍት የነገሥታትንና የሊቃውንትን ስም ይዘረዝራሉ፤ ፊደል ያስቆጠሯቸውን ግን እምብዛም አያነሱም። ዛሬ ስፔን በምንለው አገር በነበረው የአንዳሉስ ግዛት ታሪክ ግን ጥቂት ሴቶችን እናገኛለን።

ኸሊፋ ዳግማዊ አል-ሐከም ከ961 እስከ 976 እ.ኤ.አ. በኮርዶባ ከተማ ነግሦ መጻሕፍትን በማሰባሰብ ታውቋል። በቤተ መንግሥቱ ሉብና የምትባል ሴት ጸሐፊ ነበረች። የዘመኑን ሊቃውንት ታሪክ የመዘገቡ ሰዎች ሰዋስው፣ ግጥምና ሒሳብ አዋቂ እንደነበረች ጽፈዋል።

በዚያችው ከተማ በ994 እ.ኤ.አ. ኢብን ሐዝም ተወለደ። አባቱ የቤተ መንግሥት ሹም ስለነበር ልጅነቱን ያሳለፈው በሴቶች መካከል ነው። አድጎ ታላቅ የሕግና የሃይማኖት ሊቅ ሆነ። ስለ ፍቅር በጻፈው መጽሐፉም ቁርኣን ያስተማሩት፣ ግጥም ያስጠኑትና እጁን ከጽሕፈት ጋር ያላመዱት ሴቶች መሆናቸውን መሰከረ። ስማቸውን ግን እዚያ ላይ አልጠቀሰም።

ሉብናን ዛሬ የምናውቃት ስሟን የጻፈ ስለተገኘ ነው። የኢብን ሐዝም መምህራን ግን ሥራቸው ቀርቶ ስማቸው ጠፋ። እኛም እርስ በርስ ፊደል የምናስቆጥር፣ ሒሳብ የምንይዝ እህቶች የእያንዳንዳችንን ስም ከነሥራችን በማኅበሩ መዝገብ እናስፍር። ደብተርና እስክሪብቶ የምትለግሱን ወዳጆቻችንም የዚህ ታሪክ ተካፋዮች ናችሁ።