45ኛው ርቢና የንጉሡ የሕግ ሰው

እ.ኤ.አ. በ1593 የሉቨኑ ሊቅ አድሪያን ቫን ሮመን ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ለዓለም የሒሳብ ሊቃውንት ሁሉ አንድ ጥያቄ አቀረበ። ተማሪን የሚያስጨንቀው ብዙውን ጊዜ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ርቢ ያለው እኩልዮሽ ነው፤ የቫን ሮመን ግን 45ኛ ርቢ ነበረው።

እንደሚተረከው፣ ከኔዘርላንድ የመጣ መልእክተኛ ይህን የሚፈታ ሰው በፈረንሳይ አይገኝም ብሎ ንጉሥ አራተኛው ሄንሪን ነካቸው። ንጉሡም ነገሩን የአገር ክብር አድርገው ፍራንሷ ቪየትን አስጠሩ። ቪየት በሙያው የሕግ ሰው ነው፤ ለንጉሡ የስፔንን የምስጢር ደብዳቤዎች ፈትቶ የሚያነብ አማካሪ ነበር። ሒሳብ የትርፍ ጊዜ ፍቅሩ ነው። ጥያቄውን እንዳየ አንድ መልስ ሰጠ፤ በማግስቱ 22 ጨመረበት ይባላል።

ምን አይቶ ይሆን? ሌላው የቁጥር ጫካ ባየበት ቦታ እርሱ አንግል አየ። የአንድ አንግል ሳይን በ3 ተባዝቶ፣ ከዚያ ላይ የሳይኑ ሦስተኛ ርቢ 4 እጥፍ ሲቀነስ፣ የሦስት እጥፉ አንግል ሳይን ይገኛል። ይህ ለማንኛውም አንግል የማይዛነፍ እኩልነት ነው። ለአምስት እጥፍም የራሱ አለው። 45 ደግሞ 3 ጊዜ 3 ጊዜ 5 ነው! ያ አስፈሪ እኩልዮሽ እነዚህ እኩልነቶች ተደራርበው የወለዱት ነበር። የሚፈለገው ቁጥር የአንድ አንግል ሳይን እጥፍ ሲሆን፣ የተሰጠው ቁጥር የ12 ዲግሪ ሳይን እጥፍ ነው። እንግዲህ የቀረው 12 ዲግሪን ለ45 ማካፈል ብቻ ነው፤ 16 ደቂቃ ይሆናል። ከዚያ በየ8 ዲግሪው ሲታከልበት 45 መልሶች ይወጣሉ። ቪየት ያቀረበው 23ቱን ነው፤ ከዜሮ በታች የሆኑትን 22ቱን ከመልስ አልቆጠራቸውም።

በ1595 መልሱን ሲያሳትም በተራው ቫን ሮመንን ጠየቀው፤ ሦስት ክቦችን የሚነካ ክብ እንዴት ይሠራል? ቫን ሮመን በሃይፐርቦላ ፈታው። ቪየት ግን በማስመሪያና በኮምፓስ ብቻ ሠርቶ በ1600 አሳተመ። ቫን ሮመን አልተቀየመም፤ ይልቁንም ቪየትን ሊያይ ፈረንሳይ ድረስ ተጓዘ፤ ወዳጆችም ሆኑ።

ብዙዎቻችን እነዚያን እኩልነቶች ለፈተና ሸምድደን፣ ከፈተናው በኋላ ረስተናቸዋል። ቪየት ግን አንድን ነገር በሌላ ስሙ መጥራት ማወቅ የተዘጋ በር እንደሚከፍት አሳይቶናል።