ቴርዬ ኦስተቦ፦ «አክራሪነት» የሚለውን ቃል ከባሌ ተነስተው የመረመሩ ምሁር

«አክራሪ» የሚለው ቃል በአገራችን ሰው ያሳሰረ፣ መድረሳ ያዘጋ፣ ጎረቤትን ከጎረቤት ያጠራጠረ ቃል ነው። ቃሉን በየስብሰባው የሚወረውሩት ብዙ ናቸው። ምን ማለት እንደሆነ፣ በማን ላይ ሲባል ትክክል፣ በማን ላይ ሲባል ስም ማጥፋት እንደሆነ በጥናት የመረመሩት ግን ጥቂት ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ኖርዌያዊው ፕሮፌሰር ቴርዬ ኦስተቦ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የምሁሩን የጥናት ጉዞ፣ ዋና ዋና ሥራዎቻቸውንና የሚነሱባቸውን ሙግቶች እናስተዋውቃለን። በመጨረሻም ሥራቸው ሙስሊሙ በቁጥር አነስተኛ በሆነባቸው እንደ አርባ ምንጭና ጋሞ ዞን ባሉ አካባቢዎች ለሚኖር አንባቢ ምን እንደሚጠቅም እናያለን።

ማን ናቸው?

ቴርዬ ኦስተቦ የሃይማኖት ታሪክ ተመራማሪ ናቸው። የዶክትሬት ዲግሪያቸውን እ.ኤ.አ. በ2008 ከስዊድኑ የስቶክሆልም ዩኒቨርሲቲ አግኝተዋል። የመመረቂያ ጥናታቸው የባሌን የእስልምና ታሪክና በአካባቢው የሃይማኖቶችን ግንኙነት የሚመለከት ነበር። ከዚያም በአሜሪካ ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ በሃይማኖት ትምህርት ክፍልና በአፍሪካ ጥናት ማዕከል አስተምረዋል። በዚያው ዩኒቨርሲቲ የዓለም አቀፍ እስልምና ጥናት ማዕከል ሲቋቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር እርሳቸው ነበሩ።

ስለ ሽብርና አክራሪነት ከሚጽፉ ብዙ ባለሙያዎች የሚለዩት በመነሻቸው ነው። አብዛኛው የዘርፉ ጽሑፍ ከጸጥታ መሥሪያ ቤት ሪፖርት፣ ከፍርድ ቤት መዝገብና ከዜና ይጀምራል። ኦስተቦ የጀመሩት ከሮቤና ከአካባቢው ሽማግሌዎች፣ ነጋዴዎች፣ ዑለማዎችና ወጣቶች አንደበት ነው። ሰዎቹ እምነታቸውን ራሳቸው እንዴት እንደሚገልጹት ሰምተው ነው ስለ እነርሱ የጻፉት።

የባሌው ጥናት

እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው መጽሐፋቸው በባሌ ኦሮሞ ሙስሊሞች ዘንድ ሰለፊያ እንዴት እንደገባና እንዴት አገር በቀል መልክ እንደያዘ ያስረዳል። በጊዜው የተለመደው አባባል «ሰለፊያ በሳዑዲ ገንዘብ ከውጭ የተጫነ ነው» የሚል ነበር። ኦስተቦ የውጭውን ተጽዕኖ አልካዱም። ወደ ሐጅ የሄዱና በሳዑዲ ዐረቢያ ተምረው የተመለሱ ሰዎች ትምህርቱን ይዘው እንደመጡ ይተርካሉ። ሆኖም ትምህርቱ ሥር የሰደደው የአገሬው ሰው ስለተቀበለው፣ ስለተከራከረበትና ከራሱ ሁኔታ ጋር ስላዛመደው መሆኑን በዝርዝር ያሳያሉ። በሮቤ ከተማ የነጋዴው ክፍል ማደግ፣ የድሮው የመሬት ሥርዓት መለወጥ፣ እንደ ድሬ ሼህ ሁሴን ባሉ የዚያራ ቦታዎች ዙሪያ የተነሳው ክርክር፣ የነባር ዑለማዎች ተቃውሞ ሁሉ በታሪኩ ውስጥ አሉ።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ሁኔታው ተለወጠ። የሃይማኖት ነፃነት ሲሰፋ፣ የሐጅ ጉዞ ሲከፈትና ኪታቦች በብዛት ሲገቡ አዲስ ትውልድ ወደ መድረኩ ወጣ። ኦስተቦ በዚህ ዘመን ሰለፊያ የሚባለው ራሱ አንድ ወጥ እንዳልነበረ ይገልጻሉ። ወጣቶቹና ነባሮቹ ይከራከሩ ነበር፤ ጥብቅ አቋም የያዙ ነበሩ፣ ለዘብ ያሉም ነበሩ። «ሰለፊ» ማለት «ታጣቂ» ማለት እንዳልሆነ ከዚህ በላይ በግልጽ ያሳየ የአገራችን ጥናት ማግኘት ይከብዳል።

እ.ኤ.አ. በ2020 በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት የወጣው ሁለተኛው ትልቅ መጽሐፋቸው ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. የዘለቀውን የባሌ አመጽ ያጠናል። የዋቆ ጉቱ ስም የሚነሳበት ይህ አመጽ አንዳንዴ የገበሬ እንቅስቃሴ፣ አንዳንዴ የብሔር ትግል ተብሎ ተጽፏል። ኦስተቦ በዚያ ዘመን በባሌ ሃይማኖትና ብሔር ለሁለት የሚከፈሉ ነገሮች እንዳልነበሩ ይከራከራሉ። ሰው ማንነቱን የሚረዳው በሁለቱም በአንድነት ነበር። ስለዚህ ዛሬ ላይ ሆኖ «ይህ የሃይማኖት ነው፣ ያ የፖለቲካ ነው» ብሎ መቁረጥ ታሪኩን ያዛባል ይላሉ።

ሦስቱ እንቅስቃሴዎች

እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣ ጽሑፋቸው በኢትዮጵያ የነበሩትን የእስልምና የተሐድሶ እንቅስቃሴዎች በሦስት ከፍለው አጥንተዋል፦ ሰለፊያ፣ ተብሊግና የምሁራን እንቅስቃሴ። የመጨረሻው በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና በተማሩ ወጣቶች ዘንድ የተስፋፋው ነው። ብዙ ጊዜ «ኢኽዋን» እየተባለ የሚጠረጠረውም ይኸው ነው። ኦስተቦ ከኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ከዋለልኝ ሸምሰዲን ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት ይህ ክፍል በአብዛኛው ለመቻቻልና ለሃይማኖት እኩልነት የሚቆም፣ መንግሥትና ሃይማኖት መለያየታቸውን እንደ ዋስትና የሚያይ መሆኑን ጽፈዋል። ስሙ ከግብፅ ድርጅት ጋር ስለተያያዘ ብቻ ዓላማው አንድ ነው ማለት እንደማይቻል ያስረዳሉ።

መንግሥት «አክራሪነት» ሲል

ኦስተቦ ስለ ሥጋቱ ሲጽፉ ሥጋት የለም ብለው አይደለም። ሰኔ 19 ቀን 1987 ዓ.ም. የግብፁ ፕሬዚዳንት ሑስኒ ሙባረክ በአዲስ አበባ የግድያ ሙከራ ተደርጎባቸዋል። በቀጣዩ ዓመት በአዲስ አበባ ሆቴሎች ላይ ለአል-ኢቲሓድ የተሰጡ የቦምብ ጥቃቶች ደርሰዋል። ጥያቄው መንግሥት እነዚህን ከሰፊው ሙስሊም ሕይወት ለይቶ አይቷል ወይ የሚለው ነው። በዚያው 1987 ዓ.ም. የካቲት ላይ በታላቁ አንዋር መስጂድ በደረሰው ግጭት የሰው ሕይወት ከጠፋ በኋላ መንግሥት በመጅሊሱና በሙስሊም ተቋማት ላይ ያለው ቁጥጥር ጠበቀ።

ምሁሩ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጽሑፍ የኋላውን ሁኔታ «መንግሥታዊ እስልምና» በሚል ሐረግ ገልጸውታል። በእርሳቸው ትንታኔ መንግሥት መጀመሪያ የሙስሊሙን እንቅስቃሴ ይገድብ ነበር። ቀጥሎ ግን ትክክለኛው እስልምና የቱ እንደሆነ ራሱ ወደ መወሰን ተሻገረ። ለዚህ ማሳያቸው በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የአሕባሽ ሥልጠና ነው። አሕባሽ መሠረቱ በሊባኖስ ይሁን እንጂ መምህሩ ሼህ ዐብደላህ አል-ሐረሪ የሐረር ተወላጅ ነበሩ።

ቀጥሎ የሆነውን አንባቢያችን ያውቀዋል። የአወሊያ መምህራን ከተሰናበቱ በኋላ በጥር 2004 ዓ.ም. ተቃውሞ ተጀመረ፤ «ድምፃችን ይሰማ» የሚለው ጥያቄ በየጁሙዓው ተስተጋባ። በሐምሌ 2004 ዓ.ም. የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴው አባላት ታሰሩ። ክሱ የተመሠረተው በፀረ ሽብር አዋጅ ቁጥር 652/2001 ነበር። በዚህ አዋጅ ሽብርን «ያበረታታል» ተብሎ የተተረጎመ ንግግር ወይም ጽሑፍ ብቻ ከ10 እስከ 20 ዓመት ያስቀጣ ነበር። ሐምሌ 27 ቀን 2007 ዓ.ም. 18 ሰዎች ከ7 እስከ 22 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። የመጨረሻዎቹ እስከ የካቲት 2010 ዓ.ም. በእስር ቆዩ። በሰላማዊነቱ የሚታወቅ እንቅስቃሴ በሽብር መዝገብ ገባ ማለት ነው። የምሁሩ ጥናት ዋጋ እዚህ ላይ ይታያል፤ ቃል ሲምታታ እስር ቤት ድረስ ይወስዳል።

ያ አዋጅ በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1176 ተተክቷል። በዚያው ዓመት መጅሊሱ በአዋጅ ቁጥር 1207 ሕጋዊ ሰውነት አግኝቷል።

ስለ ታጣቂነት ያላቸው አቋም

እ.ኤ.አ. በ2012 በዋሽንግተን ለሚገኘው የአፍሪካ ስትራቴጂ ጥናት ማዕከል በአፍሪካ ስላለው ታጣቂነት አጭር ጥናት አቅርበዋል። የታጣቂ ቡድኖች ሐሳብ ከድንበር ማዶ ቢመጣም የሚያቀጣጥለው የአገር ውስጥ ብሶትና ፖለቲካ ነው ይላሉ። ታጣቂዎቹ ከሙስሊሙ ብዛት አንጻር እጅግ ጥቂት ናቸው። መንግሥት ጥቂቶቹን ለመምታት ብዙኃኑን በጅምላ ሲቀጣ ግን የታጣቂዎቹን ክርክር ያጠናክርላቸዋል። የመስኩን ሥራ የሚያውቅ ሰው ይህ ሐሳብ ከባሌው ጥናት እንደተቀዳ ይረዳል።

የሚሟገቷቸው

ሁሉም ምሁር ከኦስተቦ ጋር አይስማማም። እስራኤላዊው የታሪክ ተመራማሪ ሐጋይ ኤርሊኽ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት መጽሐፍ ለሳዑዲ ዐረቢያና ለወሃቢያ ተጽዕኖ ሰፊ ቦታ ሰጥተዋል። ኢትዮጵያዊው መድሐኔ ታደሰ እ.ኤ.አ. በ2002 አል-ኢቲሓድን ያጠኑት ከጸጥታና ከፖለቲካ ኢኮኖሚ አንጻር ነው። በሌላ በኩል የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የታሪክ ሊቅ ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ ከኦስተቦ በፊት በወሎ እስልምና ላይ ባሳተሙት ሥራ የተሐድሶ ታሪክ በአገራችን ጥንታዊ መሠረት እንዳለው አሳይተዋል። እኚህ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ2009 አርፈዋል፤ የኢትዮጵያን ሙስሊሞች ታሪክ ማወቅ የሚፈልግ ሁሉ ከእርሳቸው ቢጀምር እንመክራለን።

እኛም አንድ ነገር እንላለን። የኦስተቦ ዋና ሥራ ባሌ ላይ የቆመ ነው። ባሌ ሙስሊሙ ብዙኃን የሆነበት አገር ነው። ሙስሊሙ ጥቂት በሆነበት አካባቢ የሚገጥመው ፈተና ሌላ መልክ አለው። ስለዚህ የባሌን ውጤት እንዳለ ገልብጦ ወደ ሌላ ቦታ መውሰድ አይቻልም። መንገዱን ግን መውሰድ ይቻላል፦ ስለ ሰው ከመናገር በፊት ሰውየውን መጠየቅ።

ለአርባ ምንጭና ለጋሞ

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሥር ባለው ጋሞ ዞን አብዛኛው ሕዝብ ፕሮቴስታንትና ኦርቶዶክስ ነው። በአርባ ምንጭ ሙስሊሙ በቁጥር ጥቂት ነው። ከስልጤ፣ ከጉራጌ፣ ከወሎና ከሌላም አካባቢ ለንግድና ለሥራ መጥተው የከተሙ ቤተሰቦች ይገኙበታል። ጥቂት ለሆነ ማኅበረሰብ የአንድ ቃል ክብደት ይበዛል። በሌላ ክልል የተፈጠረ ግጭት ወሬ ሆኖ ሲደርስ መጀመሪያ የሚጠረጠረው በአካባቢው አናሳ የሆነው ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞጣ መስጂዶች ሲቃጠሉ፣ በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. በጎንደር ሙስሊሞች በቀብር ላይ ሲገደሉ፣ ከዚያም በወራቤ ቤተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉ ያየነው ይህንኑ ነው። ጽንፈኝነት የአንድ ሃይማኖት ንብረት አይደለም።

ጋሞ ደግሞ ለዚህ በሽታ የራሱ መድኃኒት አለው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና አካባቢው በደረሰው ግድያ ብዙ የጋሞ ተወላጆች ተጎድተዋል። በአርባ ምንጭ የተቆጡ ወጣቶች ለበቀል ሲነሱ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ። ወጣቶቹም ተመለሱ። በጋሞ ባህል አባቶች በሣር ሲማጸኑ አልፎ መሄድ ነውር ብቻ አይደለም፤ «ጎሜ» የሚባለውን እርግማን መሰል ጥፋት ያመጣል ተብሎ ይታመናል። ክርክር የሚዳኘውም በ«ዱቡሻ»፣ ሁሉ በተሰበሰበበት አደባባይ ነው።

ይህንን ስናነሳ የአገሬውን እምነት ከእኛ ጋር ለማደባለቅ አይደለም። አብሮ የሚኖር ሕዝብ ሰላሙን የሚጠብቅበት ሥርዓት ስለሆነ ማክበሩ ተገቢ ነው። ሽምግልናና ሱልህ በእስልምናም ትልቅ ቦታ አላቸው። የኦስተቦ ጥናት እንደሚያሳየው ወጣትን ወደ ጽንፍ የሚገፋውም ከጽንፍ የሚመልሰውም በአብዛኛው የአካባቢው ግንኙነት ነው። የመስጂዱ ኢማም፣ የጋሞው ሽማግሌ፣ የቤተ ክርስቲያኑ አባት ተዋውቀው ከኖሩ ወሬ እሳት ከመሆኑ በፊት ይጣራል።

ቃሉን ስንሰማ

አንድ ሰው ወይም ጀማዓ «አክራሪ» ሲባል ስንሰማ ከምሁሩ ሥራ በመነሳት አራት ነገር ብንጠይቅ እንጠቀማለን። የተባለው ሰው ምን አደረገ? ጥብቅ እምነት መያዝና ሌላውን መጉዳት አንድ ናቸው ወይ? ይህን ያለው ማን ነው፣ ምንስ ይጠቀማል? ሰውየው ራሱስ ተጠይቋል? መልሱ በእርግጥ ጉዳት መኖሩን ካሳየ ማንም ይሁን ማን ለሕግ መቅረብ አለበት፤ ከእኛ ወገን ስለሆነ መሸፈን አማና ማጉደል ነው። መልሱ ባዶ ከሆነ ደግሞ ስም ማጥፋቱን በጊዜ ማስቆም የሁላችን ግዴታ ነው።

የቴርዬ ኦስተቦ መጻሕፍት በአብዛኛው በእንግሊዝኛ የተጻፉና ዋጋቸውም ከብዙ አንባቢ አቅም በላይ ነው። በአርባ ምንጭም ሆነ በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎቻችን ያሉ ወጣት ተመራማሪዎች እነዚህን ሥራዎች አንብበው በየአካባቢያቸው ስላለው ሙስሊም ታሪክ በአማርኛና በአገሬው ቋንቋ ቢጽፉ ባሌ ያገኘችውን ዓይነት ጥናት ሌላውም አካባቢ ያገኛል። የራሳችንን ታሪክ እኛ ካልጻፍነው ሌላው ያሻውን ስም ይሰጠናል።