የፖርሽ 911 አመል

የድሮ የስፖርት መኪኖች አመል ብዙ ጊዜ የሠሪዎቻቸው ግድየለሽነት ተደርጎ ይቆጠራል። የፖርሽ 911 ታሪክ ይህን ግምት አይደግፍም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1963 በፍራንክፈርት ለሕዝብ የታየችው ይህች መኪና ሞተሯን ከኋላ ጎማዎቿ ጀርባ የተሸከመችው ሆን ተብሎ ነው፤ አሠራሩም እኛ አገር በደንብ ከምትታወቀው ከቮልስዋገን የወረደ ነው። የሞተሩ ክብደት የኋላ ጎማዎችን መሬት ላይ ስለሚጫን መኪናዋ ስትነሳ አስፋልቱን ቆንጥጣ ትይዛለች። ዋጋው የሚከፈለው ኩርባ ላይ ነው። ሾፌሩ በፍጥነት ገብቶ ድንገት እግሩን ከነዳጅ መስጫው ሲያነሳ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ የኋላ ጎማዎች ይቀላሉ፣ ጅራቷም ወደ ውጭ ይወረወራል። ደንግጦ ፍሬን መርገጥ ነገሩን ያባብሰዋል። ስለዚህ ፍጥነትን ከኩርባው በፊት ጨርሶ መቀነስ፣ ከዚያም ነዳጅ በስሱ እየሰጡ መውጣት የግድ ነበር፤ በእኔ እምነት ይህ ትልቅ የእጅና የእግር ጥበብ ነው።

ይህ የመኪናዋ አመል ሰው የሚጎዳ ጉድለት እንጂ የሚናፈቅ ጠባይ አይደለም የሚሉ አሉ። ስለ አደጋው ልክ ናቸው፤ ፋብሪካውም አልተኛበትም። መጀመሪያ ከፊት መከላከያው ውስጥ ከባድ ብረት አስገብቶ ሚዛኑን ለማስተካከል ሞከረ። ለ1969 ሞዴል ደግሞ የፊትና የኋላ ጎማዎችን በ57 ሚሊ ሜትር አራራቀ። የሞተሩን ቦታ ግን አልነካም፤ ያውም በዚያው ዓመት ሞተሯ መሃል ላይ የሆነችውን 914 ለገበያ እያቀረበ።